ታዘብኩሽ

በመመረቂያ ጽሑፌ አራተኛ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ሁለት ዓምድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ሰዓት፣ በሌላው የታየው ነገር ተጽፏል። ከመካከሉ ሁለት ተከታታይ መስመሮች እንዲህ ይላሉ፦ «2፡14፣ ተገልጋዮች በክቦቹ ላይ መቆም ጀመሩ»፤ ቀጥሎ «2፡21፣ ነርስ ጣልቃ ገባች»። በወረቀቱ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የጥፍር ውፍረት አያህልም። በዚያ ጠዋት ግን ሰባት ደቂቃ ነበር። ጽሑፉ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ከገባ ዓመት አልፎታል፤ እኔ ከዚያ ክፍተት ገና አልወጣሁም።

ያጠናሁት ምስላዊ ተግባቦትና መልቲሚዲያ ዲዛይን ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «እህ፣ ፎቶሾፕ?» ይለኛል። አዎ፣ ፎቶሾፕም አለበት። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ 34 ቢጫ ክቦች፣ ስለ አንድ ባለ ጋቢ አባትና ከአፋቸው ስለወጣች አንዲት ቃል ነው።

ከጀርባዬ የሚቆሙት

ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የምረቃ ባነር፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ፣ የሥጋ ቤት ማስታወቂያ፤ ያልሠራሁት የለም። እዚያ ደንበኛ የሚቆመው ከጀርባ ነው። የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ ያጎነብስና «ቀዩን ጨምሪበት» ይላል፤ «ስልክ ቁጥሩን አጉይው» ይላል፤ «የሙሽራዋን ፊት ትንሽ አቅይው» ይላል። አንድ ባለ ሥጋ ቤት የበሬው ሥዕል በአንድ ዓይኑ እንዲጠቅስ ፈልገው እኔ እንቢ ብዬ ተኳርፈን ነበር። በመጨረሻ በሬው ጠቀሰ። ሁለተኛ ዲግሪ የገባሁት ከጀርባዬ የሚቆመውን ሰው ሽሽት ነው ብል ከእውነቱ ብዙ አልርቅም።

ትምህርቱ መጀመሪያ የሰጠኝ ስም ነው። በእጄ የማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ስም ነበራቸው። ቻርልስ ፐርስ የሚባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ ምልክቶችን በሦስት ይከፍላቸዋል፦ የሚወክሉትን ነገር የሚመስሉ፣ ጭስ ከእሳት ጋር እንዳለው ዝምድና ከነገሩ ጋር የተያያዙ፣ እና ሰው ስለተስማማባቸው ብቻ ትርጉም ያላቸው። መምህራችን ይህን ሲያስረዱ እኔ በልቤ ሰፈሬን እየዞርኩ ነበር። የሚጠቅሰው በሬ የመጀመሪያው፤ በሥጋ ቤቱ በር የተሰቀለው ብልት ሁለተኛው፤ በረጅም እንጨት ጫፍ ተደፍታ «እዚህ ጠላ አለ» የምትለው ጣሳ ደግሞ ሦስተኛዋ። ጣሳዋ ጠላ አትመስልም። አገሩ ተስማምቶባት ነው።

ቅር ያለኝም ነገር ነበር። ገጽን በመስመርና በዓምድ መከፋፈል የ20ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንድ ዲዛይነሮች ጥበብ ሆኖ ቀረበልን። ቁም ጸሐፊዎቻችን አንዲት ፊደል ከመጣላቸው በፊት ብራናውን በወስፌ ወግተው መስመርና ዓምድ እንደሚያወጡ፣ የምዕራፉን አናት በሐረግ እንደሚያስጌጡ፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም እንደሚለዩ የተናገረ አልነበረም። እጄን አውጥቼ መናገር ስችል እኔም አልተናገርኩም። ዝም ማለት የጀመርኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ይሆን? እንጃ።

ወዴት ነው?

ለመመረቂያዬ የመረጥኩት ርእስ መንገድ ማመልከቻ ነበር፤ ሰው በማያውቀው ሕንፃ ውስጥ የሚፈልገውን ክፍል እንዴት ያገኛል የሚለው። ቦታው በከተማችን ካሉ የጤና ተቋማት አንዱ ነው። በየጊዜው አንድ አንድ ሕንፃ እየተጨመረበት ያደገ ግቢ ስለሆነ ካርድ ያወጣ ሰው ላቦራቶሪ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል። በየመታጠፊያው ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ በላቲን ፊደል ሲዳምኛ፣ በግዕዝ ፊደል አማርኛ፣ ከሥር እንግሊዝኛ አለ። ሦስቱን በአንድ ሰሌዳ አስማምቶ ማስፈር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሲዳምኛ ረጅሙን አናባቢና የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደል በመድገም ስለሚጽፍ ቃሉ ወደ ጎን ይዘረጋል። የእኛ ፊደል አናባቢውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ስለሚሄድ ቃሉ ያጥራል፤ ነገር ግን ነ ከኘ፣ ተ ከቸ የሚለዩት በአናታቸው ባለች አንዲት ጭረት ስለሆነ ከርቀት እንዲነበብ መተለቅ አለበት። በዚህ ላይ የድሮው ሰሌዳ ፋይል የተጻፈው ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓይነት የኮምፒውተር ፊደል ነበር፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «ላቦራቶሪ» የሚለው ቃል የቅንፍና የቃለ አጋኖ ክምር ሆኖ መጣ።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ ስጨርስ ግቢው ውስጥ ሰሌዳ የሚያነብ ሰው እንደሌለ ገባኝ። የሚያነቡትም ቢሆኑ አያነቡም። ይጠይቃሉ። በሩ ላይ ያሉትን ጥበቃ ይጠይቃሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ይጠይቃሉ፣ ራሱ የጠፋውን ሰው ይጠይቃሉ። እንኳን ሆስፒታል፣ ከተማችን ራሷ በአድራሻ አትሄድም። ባጃጅ ውስጥ ገብቶ የመንገድ ስም የሚጠራ ሰው አይቼ አላውቅም። «ከገብርኤል አለፍ ብሎ»፣ «አሞራ ገደል ሳትደርስ»፣ «ወደ ታቦር ስትወጣ» ነው የምንለው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እዚሁ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ሆኖም ጽሑፍ አልሠራ ሲል ወደ ምልክት መሄድ እንዳለብኝ ነው ያሰብኩት እንጂ ወደ ጥበቃው መሄድ እንዳለብኝ አልታየኝም።

ምልክቱ ክብ ሆነ። በሌላው ዓለም ሆስፒታሎች ወለል ላይ ቀለም ያለው መስመር ተዘርግቶ ሰው እሱን ተከትሎ እንደሚሄድ አይቼ ነበር። የማይቋረጥ መስመር ብዙ ስቲከር ይበላል፤ ገንዘቡ ደግሞ የእኔ ነው። ስለዚህ መስመሩን ቆራርጬ ክብ አደረግኩት፦ ከካርድ ክፍሉ መስኮት እስከ ላቦራቶሪው በር ድረስ 34 ቢጫ ክቦች። መጀመሪያ በአንድ እርምጃ ርቀት ላደርጋቸው ነበር። ስቲከሩ አልበቃ ሲል አራራቅኳቸው።

ከመለጠፌ በፊት በወጉ ፈትሼዋለሁ። የአሜሪካ የደህንነት ምልክቶች ደረጃ አንድ ሥዕላዊ ምልክት ተቀባይነት እንዲያገኝ ከተጠየቁት ሰዎች ቢያንስ 85 በመቶ በትክክል እንዲረዱት፣ የተገላቢጦሽ የሚረዱት ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይጠይቃል። የኮሪደሩን ሥዕል ከነክቦቹ ለ20 ተማሪዎች አሳየሁ። 19ኙ «ተከተሉ» ማለት ነው አሉ። አንዱ ብቻ፣ ባንክ ቤት እየሠራ የሚማር የክፍላችን ልጅ፣ «ተራ መጠበቂያ» አለኝ። ስቄ አለፍኩት። ከ20 አንድ 5 በመቶ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ከ5 እንዳይበልጥ ነው የሚለው። ልክ ድንበሩ ላይ አልፌያለሁ።

2፡14

ሰኞ ጠዋት ነበር። ኮሪደሩ ገና የታጠበ ስለሆነ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። እኔ ከመታጠፊያው አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ደብተሬን በጉልበቴ፣ ስልኬን በደብተሬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ከተቋሙ የፈቃድ ደብዳቤ ይዣለሁ። አንገቴ ላይ ግን ምንም ባጅ የለም፤ «አጥኚ» መሆኔ ከታወቀ ሰዎች ባሕርያቸውን ይቀይራሉ ተብሏልና።

መጀመሪያ የመጣችው ሕፃን ያዘለች እናት ናት። ካርዷን ተቀበለች፣ ዞረች፣ ወለሉን አየች። የመጀመሪያው ቢጫ ክብ ላይ ሁለት እግሯን ገጥማ ቆመች። ጫማዋ ከክቡ እንዳይወጣ ትንሽ አስተካከለች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ፊት እያየች ጠበቀች። ከኋላዋ የመጣው ወጣት እሷን አየ፣ ክቡን አየ፣ አልፏት ሄዶ ሁለተኛው ክብ ላይ ሊቆም ሲል «ተራ አለ እኮ» አለችው። ይቅርታ ጠየቀና ከኋላዋ ቆመ። ቀጣይዋ መጣች። እሷም ቆመች። ሰዎቹ ከፊቷ ክብ እንዳለ ሲያዩ ሕፃን ያዘለችውን «ጠጋ በይ» አሏት፤ አንድ ክብ ተጠጋች፤ ሁሉም አንድ አንድ ክብ ተጠጉ። ዘጠኝ ሰው ሆኑ። ላቦራቶሪው ባዶውን ተቀምጧል፤ ሰልፉ ወደ የትም አይሄድም።

እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አልነበረም። ያምሩ ነበር። በሐዋሳ እንደዚያ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም፤ መጋፋት የለም፣ ጎን ለጎን መቆም የለም፣ እያንዳንዱ ሰው በቢጫ ክብ መካከል፣ ርቀቱ እኩል፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በነጠላዎቹ ላይ። ስልኬን አንስቼ ፎቶ አነሳሁ። ጥሩ ፎቶ ነው። ገጽ ሙሉ አድርጌ ጽሑፌ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ሁለት ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ከሰልፉ ሰባተኛ የሆኑት አባት ወደ እኔ መጡ። ጋቢ ለብሰዋል፤ የምርመራ ወረቀታቸውን ለአራት አጥፈው በሁለት ጣታቸው ይዘውታል። ከፊታቸው ላለችው ሴት ስኳራቸውን ሊለኩ እንደመጡ፣ ከማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ጎንበስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይህ ወረፋ የምን ነው?»

«አላውቅም አባባ» አልኩ።

«እሺ የእኔ ልጅ» አሉና ተመልሰው ክባቸው ላይ ቆሙ። ቦታቸውን ማንም አልነካባቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አምስት ደቂቃ በዝርዝር አስታውሰዋለሁ፤ የሆነ ነገር ስለሌለ። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ዝም አለ። አንዲት ሴት ተቀመጠች፤ ተራዋ እንዳያልፍ ነጠላዋን ክቡ ላይ ትታ። እኔ ደብተሬ ላይ «በተገላቢጦሽ መረዳት» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። በትምህርት የተማርኩት ቃል በዓይኔ ፊት ሥጋ ለብሶ ቆሟል፦ ሂዱ ያልኩት ምልክት ቁሙ ሆኗል።

በመጨረሻ አንዲት ነርስ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። «እናንተ! እዚህ ምን ቆማችሁ ትሠራላችሁ? ላቦራቶሪው በዚያ ነው፤ ክቡን ተከትላችሁ ሂዱ እንጂ!» ሕፃን ያዘለችው «ክቡ ቁሙ ይላል» አለች። «ማን ነው እንዲህ ያለው?» ነርሷ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷን ጠይቋት፤ የለጠፈችው እሷ ናት።»

ዘጠኙም ዞረው አዩኝ። ከዚያ መሄድ ጀመሩ። እኚያ አባት በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። ፊቴን አላዩም፤ ያዩት ደብተሬን ነው፣ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ታዘብኩሽ» አሉኝ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ክቦቹን አልረገጧቸውም፤ በጎን በጎናቸው ነው የሄዱት።

ማን ማንን

የጥናቱን ዘዴ በአማርኛ ማጠቃለያው ላይ ስሰይም አማካሪዬ «ምልከታ በይው» ብለውኝ ነበር። በመጻሕፍት የተለመደው እሱ ነው። እኔ ግን «ትዝብት» ይሻላል፣ የሰው ቃል ነው፣ ወዝ አለው ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸውም እሺ አሉ። ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ «ጣልቃ የማይገባ ትዝብት» የሚል ሐረግ በየቦታው አለ። ለቃል ወዝ ስከራከር የቃሉን ግማሽ ረስቼዋለሁ። ምልከታ ያየውን ይዞ ይሄዳል። ትዝብት ግን ከሚዛን ጋር ነው የሚመጣው፤ ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። እኔ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ታዘብኩ ብዬ የጻፍኩትን ሥራ እኚያ አባት በአንድ ቃል ሠሩት።

ለራሴ ጥብቅና ቆሜ አውቃለሁ። ተነስቼ «ይቅርታ፣ ላቦራቶሪው በዚህ ነው» ብል ውጤቱ ይበላሽ ነበር ብያለሁ። እውነት ነው ወይ? በመጀመሪያው ደቂቃ ማወቅ ያለብኝን ሁሉ አውቄያለሁ። ሁለተኛው ማረጋገጫ ነው ይባል። ቀሪው አምስት ደቂቃ የማን ነው? ብዙ ጊዜ ሳወጣና ሳወርድ የደረስኩበት መልስ ደስ አይልም። ብነሳ ኖሮ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት ነበረብኝ። አፍሬ ነው የተቀመጥኩት። ዘዴው ለኀፍረቴ መጋረጃ ሆነልኝ። ያ ሁሉ የአሠራር ሥርዓት፣ ፈቃዱ፣ ሠንጠረዡ፣ ባጅ አለማድረጉ፣ በዚያ ሰዓት ያገለገለው «አላውቅም አባባ» የምትለዋን ውሸት ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቅዟል፤ በዚያ ላይ ዝምታ ብቻም አልነበረም።

ማተሚያ ቤት እያለሁ ያ ሁሉ ሰው ከጀርባዬ ቆሞ ሲናገር መልስ እሰጥ ነበር። እነታረካለሁ፣ እሥቃለሁ፣ እቆጣለሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ በሬው እንዲጠቅስ የፈለጉት ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው «መንገደኛው እንዲሥቅ፤ የሣቀ ይገባል» ብለውኝ ነበር፤ እውነታቸውንም ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ያንን ሰው ከጀርባዬ አንስቶ ከፊቴ አስቀመጠልኝ። በእኔና በእሱ መካከል ግን ደብተር አለ።

ክቡ ከየት መጣ

ለምን ቆሙ? መልሱን የባንኩ ልጅ ከመጀመሪያው ነግሮኛል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየባንኩ፣ በየመድኃኒት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ወለል ላይ ክብ ተሣለ። በእነዚያ ወራት ክብ ማለት «እዚህ ቁም፣ ከፊትህ ያለው ሲሄድ ተጠጋ» ማለት ሆነ። ማንም አላስተማረንም ማለት ይቻላል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አገር ሙሉ ተስማማበት፣ እንደ ጠላ ቤቷ ጣሳ። እኔ ደግሞ ስቲከር ለመቆጠብ ስል ክቦቹን ያራራቅኩት ያኔ ተራራቁ የተባልነውን ያህል ሆኖ ተገኘ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። በሽታ የሚፈራበት ቤት ውስጥ፣ ወለል ላይ፣ በዚያ ርቀት የተለጠፈ ክብ ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?

ተማሪዎቹስ ለምን «ተከተሉ» አሉ? ወረቀት ላይ ነዋ ያዩት። በወረቀት ላይ ክብ ሲደረደር እንደ መንገድ ካርታ ነጠብጣብ ነው። እግር የለም፣ በረኪና የለም፣ በእጅ የታጠፈ የምርመራ ወረቀት የለም። የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 መልእክት ላኪው ባሰበው ሳይሆን ተቀባዩ በቆመበት ቦታ እንደሚፈታ ጽፎ ነበር፤ ይህን ለፈተና በቃሌ አጥንቼ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ።

ከኦቶ ኖይራት ጋርም ተጣላሁ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቪየና ውስጥ ከሠዓሊው ጌርድ አርንትስ ጋር ሆኖ ፊደል ለማይቆጥረውም ሠራተኛ ቁጥርና መረጃ በሥዕል የሚያስረዳ ዘዴ የፈጠረ ሰው ነው። «ቃላት ይለያያሉ፣ ሥዕሎች ያገናኛሉ» የሚል መፈክር ነበረው፤ እኔም በትልቁ አትሜ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌው ነበር። በኋላ ያነበብኩት የሚስቱን የማሪን ታሪክ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ሥራውን ይዛ ምዕራብ ናይጄሪያ ስትሄድ የአውሮፓው ሥዕል እንዳለ አልሄደላትም፤ ቤቱን፣ ልብሱን፣ ሰውን እንደ አካባቢው መቀየር ነበረባት። መፈክሩን አላነሳሁትም። ግን አሁን ሳየው ጥግ ላይ የምትቀር አንዲት ሴት ትታየኛለች።

ደግሞ እኮ ሥዕል ማንበብን ለእኛ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዱኝ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ ያነቡልኝ ነበር። «ሁለት ዓይን ያለው ጻድቅ ነው፤ በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ከሀዲ ነው» ይሉኛል። ማን ወዴት እንደሚመለከት፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ፣ ታሪኩ ከየትኛው ሥዕል ወደ የትኛው እንደሚሄድ ያውቁታል። ታዲያ ኮሪደሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ማንበብ አልቻሉም ብዬ እንዴት ልጻፍ? አንብበዋል። ከእኔ በተሻለ አንብበዋል። ጽሑፌ ላይ ግን «የተገልጋዮች የተሳሳተ አረዳድ» የሚል ንዑስ ርእስ አለ፤ አማካሪዬም፣ ገምጋሚዎቹም ምንም አላሉበትም።

በምላጭ

ክቦቹን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አነሳኋቸው። ለመለጠፍ አንድ ሰዓት የፈጀው ለማንሳት ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ በምላጭ እየፋቅኩ፣ በጉልበቴ እየሄድኩ። የበሩ ጥበቃ ወንበራቸውን ወደ ጥላው ስበው ይመለከቱኛል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ሻይ ልግዛልሽ?» ነው ያሉት።

ሻዩን እየጠጣን ሰው ላቦራቶሪ ወዴት ነው ሲላቸው ምን እንደሚመልሱ ጠየቅኳቸው። «ማንጎዋን አልፈህ፣ ጄኔሬተሩ ከሚጮህበት ሳትደርስ፣ ሰማያዊው በር» አሉኝ። ኬቨን ሊንች የሚባለው አሜሪካዊ የከተማ ዕቅድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናቱ ሰዎች ከተማቸውን በጭንቅላታቸው የሚይዙት በመንገድ፣ በድንበር፣ በሰፈር፣ በመገናኛና በጉልህ ምልክት ነው ይላል። እኚህ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጉልህ ምልክት ሰጡኝ። አንዱ ደግሞ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም።

የሜክሲኮ ከተማ የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት አሜሪካዊው ዲዛይነር ላንስ ዋይማን በመራው ሥራ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ነበረው፤ ማንበብ የማይችል ተሳፋሪ ቻፑልቴፔክ ሲደርስ ፌንጣዋን አይቶ ይወርዳል። እኔም በዚህ መንገድ ሄድኩ። ለላቦራቶሪ ማንጎ፣ ለመድኃኒት ቤት ሰማያዊ በር ሣልኩ። በዚህ ጊዜ ስፈትሽ ባጅ አደረግኩ፣ ስሜን ተናገርኩ፣ መንገዱን መጀመሪያ ነገርኳቸውና ከዚያ ነው የጠየቅኳቸው። አማካሪዬ «መልሱን ከነገርሻቸው ምን ትፈትሻለሽ?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ውጤቱ ለሳይንስ የሚሆን አልነበረም፤ ጽሑፉ ውስጥም አባሪ ሆኖ ነው የቀረው። አንዲት እናት ማንጎዋን አይተው «እዚህ ፍራፍሬ መሸጥ ጀመሩ እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ብዙዎቹ ግን ሥዕሉን ሲያዩ ቀና ብለው በመስኮቱ ዛፏን ፈልገዋል። ያ ቀና ማለታቸው ደስ ብሎኛል፤ በቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ ግን አልገባኝም።

ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን ገምጋሚዎቹ ስለ ፊደሉ መጠን፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ናሙናው ብዛት ጠየቁኝ። አንደኛው የአራተኛውን ምዕራፍ ሠንጠረዥ አንስተው «ተመራማሪዋ ራሷን ከሂደቱ ማግለሏ የሚመሰገን ነው» አሉ። አመሰግናለሁ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ባለፈው ወር ለሥራ ጉዳይ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ ብዬ ነበር። ጽሑፌን ከመደርደሪያው አወጣሁት፤ አቧራ ብቻ ነው የጎበኘው። አራተኛውን ምዕራፍ ከፈትኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጀርባዋን ሰጥታ መጻሕፍት ትደረድራለች። ከቦርሳዬ እርሳስ አውጥቼ በሁለቱ መስመሮች መካከል «2፡16፣ አንድ አባት ወረፋው የምን እንደሆነ ጠየቁ፤ አጥኚዋ አላውቅም አለቻቸው» ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ጠባብ ስለነበር ፊደሎቹን በጣም ማሳነስ ነበረብኝ።